ለማሽኑ የተውኩት ውሳኔ

አዲስ ኮምፒውተር የከፈተ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይደርሰዋል። «አፕዴቶችን ራሴ እያወረድኩ ልጫን? ወይስ በየጊዜው ልጠይቅህ?» ይላል ማሽኑ። ብዙ ሰው ሳያነብ አንዱን ተጭኖ ያልፋል። እኔ ግን አንብቤዋለሁ። ደጋግሜ አንብቤ፣ አስቤበት፣ መረጥኩ። ያ ምርጫዬ ያመጣውን ነገር ለቤተሰቦቼ እንኳ በሙሉ ነግሬያቸው አላውቅም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስናገር ፊቴን ስለማታዩት ነው።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ ከያዝኩ ብዙም አልቆየሁም ነበር። ክልላችን ገና አዲስ ነው። አሶሳ ላይ የአንዱ ቢሮ ቀለም ሳይደርቅ ለሌላው መሠረት ይቆፈራል። ሠራተኛው ከየአገሩ ሻንጣውን ይዞ ይመጣል። እኔ ከሩቅ አልመጣሁም። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚህ የሰፈሩ ናቸው። የተወለድኩትም ሰፋሪዎቹ «አምባ» እያሉ በቁጥር ከሚጠሯቸው መንደሮች በአንዱ ነው። አባቴ ስለ እኔ ለሰው ሲያወራ «ሰዓዳ እኮ ቤት ውስጥ መኖሯ አይታወቅም» ይል ነበር። ምስጋና ነበር። እኔም እንደ ምስጋና ወስጄው አደግኩ። ዩኒቨርሲቲ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ የጠየቅኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ያልገባኝ ነገር ሲኖር መጽሐፍ ውስጥ እፈልገዋለሁ። መጽሐፉ ውስጥ ካጣሁት ጥያቄውን እተወዋለሁ።

የተቀጠርኩት ሰዎች «ፕላዝማ» በሚሉት አዳራሽ ውስጥ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ ከእኛ ክልል ጉዳዩ አዲስ አበባ ካለው የመጨረሻ ችሎት የደረሰ ሰው፣ ለአንድ ቀጠሮ በአውቶቡስ እያደረ ይሄድ ነበር። በኋላ አሶሳ ላይ ትልቅ ስክሪንና ካሜራ ተተከለ። ባለጉዳዩ እዚህ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ዳኞቹ እዚያ ሆነው ያዩታል፤ ይሰሙታል። ምስሉና ድምፁ ጣሪያው ላይ ባለው የሳተላይት ሳህን ይመላለሳል። ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው አንድ ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩን የምይዘው እኔ ነኝ። የአዳራሹ አስተባባሪ ደግሞ አቶ ደረጀ የሚባሉ፣ ሳቂታ፣ ግን «ከበላይ ምን ይሉን?» የሚለው ነገር እንቅልፍ የሚነሳቸው ሰው ነበሩ።

ማሽኑን የተረከብኩ ሰሞን ነው ያ ጥያቄ ስክሪኑ ላይ የመጣው። ምርጫው ሦስት ነበር። አፕዴቱ በራሱ ጊዜ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሰው ሳይነካው ይጫን፤ ወይም ሲመጣ ይጠይቀኝና ስፈቅድ ይጫን፤ ወይም ጭራሹን ይቅር። ይቅር እንዳልል ቫይረሱ ያስፈራኛል፤ በየቢሮው በፍላሽ እየተዘዋወረ የስንቱን ሥራ እንደበላ አይቻለሁ። ይጠይቀኝ ብል ደግሞ፣ በጠየቀኝ ቁጥር እኔ አቶ ደረጀ ዘንድ ሄጄ «ዛሬ ግማሽ ቀን አዳራሹ ይዘጋልኝ» ማለት አለብኝ። አንድ ጊዜ ልሞክር ሄጄ ነበር። ቢሯቸው በር ላይ ስደርስ ከእንግዶች ጋር እየሳቁ ነው። ትንሽ ቆሜ ተመለስኩ። ተመልሼ «ራሱ ይጫን» የሚለውን መረጥኩ።

ልብ በሉልኝ። የመረጥኩት ለማሽኑ ይበጀዋል ብዬ አልነበረም። ማንንም ማናገር የማያስፈልገው እሱ ብቻ ስለነበረ ነው።

ሌላ ጥንቃቄም ነበረኝ። የአሶሳን ክረምት የምታውቁ መብረቁን ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ማታ ማታ ሶኬቱ ሁሉ እንዲነቀል ለጥበቃው ራሴ ነገርኩት፤ እሱም አንድም ቀን ሳያጓድል ይነቅላል። እንግዲህ ማሽኑን ሌሊት እንዲሠራ አዝዤዋለሁ፤ ሌሊት መብራት እንዳያገኝም አዝዣለሁ። ሁለቱም ጥንቃቄ ነበሩ። ጎን ለጎን አድርጌ ግን አላየኋቸውም።

ወራት አለፉ፤ ምንም አልሆነም። የሳተላይቱ መስመር የሚከፈተው ለችሎት ብቻ ስለነበር ማሽኑ የሚያወርድበት ጊዜ አላገኘም። አንድ ረቡዕ ቀን ግን፣ በማግስቱ ትልቅ ችሎት አለ ተብሎ፣ እኔም ጠንቃቃ ነኝና፣ መስመሩን ከጠዋት እስከ ማታ ከፍቼ ስፈትሸው ዋልኩ። ምስሉን ስሞክር፣ ድምፁን ስሞክር፣ ማሽኑ ከኋላ ሆኖ የወራቱን ሁሉ አፕዴት ሲጎትት ውሏል። ማታ እንደተለመደው ተነቀለ።

ሐሙስ ጠዋት ከእኔ ቀድመው በር ላይ የተገኙት ወይዘሮ ሀዋ ናቸው። ከመንጌ የመጡ በርታ ናቸው፤ ትናንትናውኑ ገብተው አሶሳ ዘመድ ቤት አድረዋል። ከራሳቸው እስከ እግራቸው የሚጠመጠም ብርቱካንማ ቶብ ለብሰዋል፤ አዲስ መሆኑ ከእጥፋቱ ያስታውቃል። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው። ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይላሉ።

«ሰላም አሌኩም» አሉኝ። «ዳኛ መጣ?»

«ወአለይኩም ሰላም፣ እናቴ። ገና ናቸው። ግቡና ይቀመጡ።»

ገብተው ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ልጄ ነገረኝ። ዳኛ በቴሌቪዥን ነው አለ። ቴሌቪዥን ግን ሰው አይሰማም። ቴሌቪዥን ያወራል፣ ሰው ይሰማል። ይሄ ይሰማል?»

«ይሰማል። ያይዎታልም።»

«ያየኛል?» ቶባቸውን ከትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። «እንኳን አዲስ ለበሰ።»

ሳቅኩ። ማሽኑን አበራሁ። እየተነሣ ሳለ ጉዳያቸውን ጠየቅኳቸው፤ መጠየቅ አይጠበቅብኝም ነበር፤ ግን ከሳቸው ጋር ማውራት አላስፈራኝም።

«ቤት ነው» አሉ። «መንጌ። እኔና ባሌ ነው የሠራ። ባሌ ሞተ። ወንድሙ እዚህ ሱቅ አለው፤ መጣ፤ ቤት የአባቴ ነው፣ ውጣ አለኝ። እዚህ ፍርድ ቤት ሁለት ጊዜ እሱ አሸነፈ። አሁን ትልቁ ዳኛ ቀረ። ከዚህ በኋላ ዳኛ የለም፤ አላህ ብቻ።»

«ጠበቃ አለዎት?»

«እሱ አለው፤ ጠበቃው አዲስ አበባ ነው። እኔ አፍ አለኝ።» ጣታቸውን ወደ አፋቸው ጠቆሙ። «ሁሉን በአማርኛ አዘጋጀ። ልጄ አስጠናኝ። ከመንጌ እስከ እዚህ መኪና ላይ ከሰው አላወራም፤ እንዳይፈስ ብዬ።»

የሳቸውን ዓይነት መዝገብ አውቀዋለሁ። አመልካች በቀጠሮው ካልቀረበ ዳኞቹ መዝገቡን ይዘጉታል። የተዘጋ መዝገብ ማለት ለወይዘሮ ሀዋ ቤቱ ሄደ ማለት ነው።

አቶ ደረጀ ክራባታቸውን እያጠበቁ ገቡ። «ሰዓድዬ፣ ዛሬ እንዳታሳፍሪኝ! ከአዲስ አበባ አሠራራችንን የሚገመግሙ ሰዎችም ችሎቱ ላይ ይቀመጣሉ ተብሏል። ምስል አለ?»

ምስል ነበረ። ስክሪኑ ላይ የአዲስ አበባው ችሎት ባዶ ወንበሮች ታዩ፤ አንድ ጸሐፊ ፋይሎች ሲደረድር ይታያል። አቶ ደረጀ እጃቸውን ለጸሐፊው አውለበለቡ፤ እሱም አውለበለበ። ረክተው ወደ ቢሯቸው ሄዱ።

ትንሽ ቆይቶ የጸሐፊው ፊት እንደ ሰሌን ተቆራረጠ። ማሽኑ ከበደ፤ ማውሱ ጣቴን መከተል ተወ። ሌሊት መብራት አጥቶ ያልጫነውን አሁን ጀምሯል። ከታች ጥግ ላይ ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች። አፕዴቶች እየተጫኑ መሆኑን፣ ለመጨረስ ኮምፒውተሩ ሪስታርት መደረግ እንዳለበት ትናገራለች። «አሁን?» «በኋላ?»

ችሎቱ ሊጀመር ገና ጊዜ ነበረ። ያን ጊዜ ተነሥቼ አቶ ደረጀ ቢሮ ብሄድና «ማሽኑ ጊዜ ይፈልጋል፤ አዲስ አበባ ይደወልና ሌላ መዝገብ ያስቀድሙ» ብል፣ የምጽፍላችሁ ነገር አይኖርም ነበር። ግን እሳቸው «ለምን?» ይላሉ። ለምን ሲሉ እኔ የመረጥኩትን ማስረዳት አለብኝ። «በኋላ» የሚለውን ተጫንኩ።

ሳጥኗ ተመልሳ መጣች። አሁንም «በኋላ»። እንደገና መጣች። ስክሪኑ ትልቅ ነውና ወይዘሮ ሀዋ ከወንበራቸው ሆነው ያዩዋታል።

«ምን ይላል? ዳኛ ጻፈ?»

«አይ፣ ማሽኑ ነው። ሊያርፍ ይፈልጋል።»

«ጠዋት ነው እኮ! ምን ሠራና ያርፋል?»

እንደገና «በኋላ» አልኩ። በዚህ መሀል አቶ ደረጀ ከቢሯቸው «ሰዓዳ!» ብለው ጠሩኝ፤ ገምጋሚዎቹ ድንገት ቢጠይቁ የምናሳየውን ፋይል ከመደርደሪያ አውርጂልኝ ነበር ነገሩ። ሄድኩ። ሳጥኗ መልስ ካላገኘች ጥቂት ደቂቃ ጠብቃ በራሷ እንደምትወስን አውቃለሁ። አውቃለሁ፤ ግን ቶሎ እመለሳለሁ ብዬ ነው። አቶ ደረጀ ደግሞ ፋይሉን ከሰጠኋቸው በኋላ ወሬ ጀመሩ። «ይቅርታ፣ ልሂድ» ማለት አቃተኝ። ቆሜ ሰማኋቸው።

«አንተ ልጅ!» የሚል የወይዘሮ ሀዋ ድምፅ ከአዳራሹ መጣ። «ዳኛ ጠፋ!»

ሮጬ ስገባ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኗል። መሀሉ ላይ አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ፤ ብዙ አፕዴቶች ሊጫኑ እንደሆነ፣ ገና የመጀመሪያው ላይ እንዳለ፣ ማሽኑም እንዳይጠፋ።

አቶ ደረጀ ተከትለውኝ ገቡ። «ምንድን ነው ይሄ?»

«እየጫነ ነው።»

«ምን የሚጭነው አለ? ማን አዘዘው?»

«ራሱ ነው» አልኩ።

አያችሁ? ቃሉ እውነት ይመስላል። በራሱ ነው የጀመረው። በራሱ እንዲጀምር ያዘዘችው ግን አልተጠቀሰችም።

«ራሱ?» አሉ አቶ ደረጀ፤ ሰዓታቸውን አዩ። ችሎቱ ሊጀመር ነው። ቁጥሩ ከአንድ ወደ ሁለት ለመሄድ ዘመን ወሰደበት። «አይሆንም። ንቀይውና መልሰሽ ሰኪው። የኔ ቴሌቪዥን ሲያስቸግረኝ እንደዚያ ነው የማደርገው።»

በዚህ መሀል መንቀል ማለት፣ ቀዶ ጥገና ላይ ያለን ሰው ከአልጋው አንሥቶ «በል ሂድ» እንደማለት መሆኑን ተምሬዋለሁ፤ ተፈትኜበታለሁ። «አይ…» የሚል ነገር ከአፌ ወጣ። ወጣ ማለት እንኳ ያስቸግራል።

«ምን አልሽ?» ብለው ዞሩ።

«ምንም።»

እኔ ስላልተንቀሳቀስኩ ራሳቸው ጎንበስ ብለው ነቀሉት። መልሰው ሰኩት። ማሽኑ አጓራ፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ፊደሎች ረጨ፤ ቆመ። ደግመው ነቀሉ፤ ደግመው ሰኩ። ያው ነው። ሦስተኛውን አልሞከሩም። እጃቸውን ከሱሪያቸው ላይ ጠረጉና እኔን አዩኝ። እኔ መሬት አየሁ።

ስልኩ ጮኸ።

ከአዲስ አበባ ነው። አቶ ደረጀ አነሡት፤ ድምፃቸው ወዲያው ተለወጠ። «አቤት፣ ክቡር ዳኛ! … አዎ፣ ምስል ተቋርጧል … መብራት ሄዶብን ነው፣ ክቡር ዳኛ። ድንገት።»

ወይዘሮ ሀዋ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ረጅሙ አምፖል ቦግ ብሎ በርቷል። «መብራት አለ!» አሉ ጮክ ብለው። አቶ ደረጀ በነፃ እጃቸው «እሽሽ» አሏቸው፤ ስልኩን ዘጉ። ግንባራቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ወደ እኔ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ «ገና በሙከራ ጊዜ ላይ ነሽ፤ ባንቺ ስም እንዲመዘገብ አልፈልግም» አሉኝ።

ለእኔ ብለው ነው የዋሹት! ይህን እስከዚያች ደቂቃ አላሰብኩትም ነበር። ያኔም «ተዉ፣ አይዋሹልኝ» አላልኩም። እንዲያውም ትንሽ ደስ አለኝ። ከሁሉ የማፍርባት ነገር ያቺ ደስታ ናት።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። አቶ ደረጀ ሲሰሙ ቆይተው ፊታቸው ጠቆረ። የሰማሁት የሳቸውን ወገን ብቻ ነው። «አይ፣ ማለት … ይመጣል ይሄዳል … በኛ በኩል …» በኋላ እንደተረዳሁት፣ አዲስ አበባ ችሎት ውስጥ የተቀመጠው የወይዘሮ ሀዋ ባላጋራ ጠበቃ አሶሳ ላለው ደንበኛው ደውሏል። ደንበኛውም ሱቁ ውስጥ ሆኖ «መብራትማ አለ፤ ማቀዝቀዣዬ እየሠራ ነው» ብሎታል። ጠበቃው ለዳኞቹ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ መብራት አለ፤ የሌለችው አመልካቿ ናት፤ መዝገቡ ይዘጋልኝ» አለ።

«ማሽኑን የምትይዘዋን አቅርብ ብለዋል» አሉ አቶ ደረጀ። መነጋገሪያውን በመዳፋቸው ሸፍነው «የኛ ትራንስፎርመር ነው የፈነዳው በይ» አሉኝና ስልኩን እጄ ላይ አኖሩት።

«ማን ልበል?» አለኝ የሰብሳቢው ዳኛ ድምፅ። አልተቆጡም። ያረጀ፣ የደከመ ድምፅ ነው።

«ሰ… ሰዓዳ።»

«ሰዓዳ፣ ሁለት ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። አንደኛ፣ እዚያ መብራት አለ ወይስ የለም? ሁለተኛ፣ አመልካቿ ቀርበዋል ወይስ አልቀረቡም?»

አቶ ደረጀን አየሁ። ወይዘሮ ሀዋን አየሁ። ከእኔ አንድ እርምጃ ላይ ናቸው፤ እጃቸው ቶባቸውን ጨብጧል።

«ሄሎ? እየሰማሽኝ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው መልሺ።»

አፌን ከፈትኩ። እመኑኝ፣ ከፍቼዋለሁ። አንዱን ብናገር አቶ ደረጀን ውሸታም አደርጋለሁ፤ ሌላውን ብናገር እኚህን ሴት ከቤታቸው አስወጣለሁ። ምን እንደሚገባኝ አውቃለሁ፤ ይህ ከባድ ጥያቄ አይደለም። ግን ዳኛ አለ፣ ጠበቃ አለ፣ ገምጋሚዎች አሉ፤ ያ ሁሉ ሰው የእኔን ድምፅ እየጠበቀ ነው።

«መልስ ከሌለ» አሉ ዳኛው፣ «ችሎቱ አመልካች እንዳልቀረቡ ቆጥሮ መዝገቡን ይዘጋል።»

ወይዘሮ ሀዋ ፊቴን ያነቡ ነበር። «ምን አለ?»

ለሳቸው መናገር ቻልኩ። «መዝገቡን ሊዘጉት ነው፣ እናቴ። አልመጡም ብለው።»

ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። ነጠቁኝ አልልም፤ ከሕፃን እጅ ቢላ እንደሚወሰድ፣ ቀስ ብለው።

«ሄሎ! ዳኛ! እኔ ሀዋ ነው። አለሁ! ከመንጌ መጣ፣ ትናንት መጣ። መብራትም አለ፤ ይኸው ራሴ ላይ ይበራል። ማሽን ነው የሞተው። … አዎ። … ውሸት? እኔ ውሸት ልናገር ከመንጌ እስከዚህ ይመጣል? … ልጁ? ልጁ ይፈራል። ወላሂ ጥሩ ልጅ ነው፤ አትቆጣው። ሲፈራ ነው እንጂ ክፋት የለውም። … እሺ። እሺ። ይሰጠዋል።»

ስልኩን ዘረጉልኝ። «ዳኛ አንተን ይፈልጋል። አይቆጣም፤ ነግሬዋለሁ።»

በሳቸው ላይ የሠራሁትን አላወቁም። «ማሽኑ ታመመ፣ ልጅቷ ፈራች» ብለው ነው የሚያስቡት። እኔን ከዳኛ ቁጣ ካዳኑ በኋላ ነው ስልኩን የሰጡኝ።

«ክቡር ዳኛ» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስላል። «አመልካቿ ከጠዋት ጀምሮ አሉ። መብራትም አለ። ማሽኑ ራሱ አፕዴት እንዲጭን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ለማንም አልተናገርኩም። መሀል ላይ ሲነቀልም እንደሚበላሽ እያወቅኩ ዝም አልኩ።»

ከሌላው ጫፍ ወረቀት ሲገለጥ ይሰማል።

«ይህን ቀድመሽ ብትይ ኖሮ» አሉ ዳኛው፣ «ይህ ሁሉ ሰው ሰዓቱን አያጠፋም ነበር።» ሌላ አልጨመሩም። መዝገቡ እንደማይዘጋ፣ ጉዳዩ ግን ከክረምቱ በኋላ ለሚሆን ቀን መቀጠሩን ነገሩኝ።

ለወይዘሮ ሀዋ ነገርኳቸው። «አሁን አልናገርም?» አሉ። «ተዘጋጀ እኮ። በስልክ ይናገራል።»

ጠየቅኩላቸው። ዳኛው በስልክ ክርክር እንደማይሰሙ መለሱ። ወይዘሮ ሀዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቶባቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሡ፤ በር ላይ ሲደርሱ ከንፈራቸው ገና ይንቀሳቀስ ነበር።

አቶ ደረጀ ከዚያ ቀን በኋላ «ሰዓድዬ» ብለው ጠርተውኝ አያውቁም። አላባረሩኝም። ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ለሳቸውም ደረሳቸው። አንድ ቀን ብቻ፣ ኮሪደር ላይ ስንገናኝ፣ «የሆነውን ጠዋት ቢሮዬ ስትመጪ ብትነግሪኝ እኔ እዋሽ ነበር?» አሉኝ። ትክክል ነበሩ። ዝም የሚል ሰው ማንንም የማይጎዳ ይመስለኝ ነበር፤ ሰውየው ግን በእኔ ዝምታ ውስጥ ነው የዋሹት።

ክረምቱን ሙሉ ማሽኑን እንደ አዲስ ስሠራው ከረምኩ። ያ ጥያቄ ተመልሶ መጣ። አሁን «ጠይቀኝ» የሚለውን መረጥኩ። በጠየቀኝ ቁጥር አቶ ደረጀ በር ላይ እሄዳለሁ፤ እንግዳ ኖረም አልኖረም አንኳኳለሁ፤ «ነገ ከሰዓት አዳራሹን እፈልገዋለሁ» እላለሁ። በየጊዜው እፈራለሁ። እላለሁ ግን።

ዛሬ ሌላ መሥሪያ ቤት ነኝ። ሰዎች ኮምፒውተራቸውን ይዘው ይመጡና «አውቶማቲክ ላድርገው ወይ?» ይሉኛል። ለብዙው ሰው አውቶማቲክ ይሻላል፤ እውነቱ ይህ ነው፤ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ። ሌሊት የማይነቀል፣ ሰው የማይጠብቀው ማሽን ከሆነ ራሱ ይጫን። እናንተንም ስለ ኮምፒውተር ልመክራችሁ አይደለም የጻፍኩት። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ፤ «ራሱ ይጨርሰው» ብላችሁ የተዋችሁት ነገር ካለ፣ የተዋችሁት ልባችሁ ስላመነው ነው ወይስ ሰው ማናገር ስለፈራችሁ? እኔ ሁለቱን መለየት የተማርኩት በሌላ ሰው ቤት ዋጋ ነው።

ቀጠሮው ደረሰ። ወይዘሮ ሀዋ ያንኑ ብርቱካንማ ቶብ ለብሰው መጡ፤ ቀጥነዋል፤ ክረምቱን ወባ ይዟቸው ከርሞ ነበር። ማሽኑ እንከን አልነበረውም። ምስሉ ጠራ፤ ሦስቱ ዳኞች ታዩ። «አመልካች ቀርበዋል፤ ድምፅ ይሰማል» አልኩ ጮክ ብዬ። ወይዘሮ ሀዋ ተናገሩ። ግን መሀል ላይ ይቆሙ ነበር፤ ወደ ጣሪያው ያያሉ፤ በበርታ አንድ ነገር ለራሳቸው ይሉና ይቀጥላሉ። ጠበቃው ሲመልስ ቆዩና ዳኛው «የሚጨምሩት አለ?» አሏቸው። «ኸላስ፣ የለም» አሉ።

ስክሪኑ ከጠፋ በኋላ ከወንበራቸው አልተነሡም። ድንገት ክንዴን ያዙኝ። «አንድ ነገር ረሳ! ትልቁን ነገር ረሳ! መልሰው!»

«ማንን፣ እናቴ?»

«ዳኛን! አብራው!»

ማንንም ሳልጠይቅ ደወልኩ። ያነሣው ጸሐፊ ዳኞቹ ሌላ መዝገብ መጀመራቸውን፣ ክርክሩም መዘጋቱን ነገረኝ። ለመንኩት፤ በሕይወቴ እንደዚያ ለምኜ አላውቅም። አልሆነም።

ውሳኔው የመጣ ጊዜ የታችኛዎቹ ፍርድ ቤቶች የወሰኑት ጸንቷል ይላል። ቤቱ የወንድምየው ሆነ። ወይዘሮ ሀዋ ግልባጩን ሊወስዱ ሲመጡ አነበብኩላቸው፤ እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ አጥፈው ያዙት። የመንጌ መኪና ከውጭ ጡሩምባውን ይነፋል።

ያ የረሱት ነገር በመጀመሪያው ቀን፣ ያን ሁሉ አጥንተው በመጡበት ጠዋት፣ አፋቸው ላይ ነበር ወይ? ዳኞቹስ ቢሰሙት ይለወጥ ነበር? እስከ በሩ ተከትያቸው ሄድኩና ጠየቅኳቸው። ምን ነበር የረሱት፣ እናቴ?

ቆሙ። በደግነት ነው ያዩኝ፤ ያ ነው የሚከብደው።

«አሁን ለአንተ ብነግረው» አሉኝ፣ «አንተ ለማን ትነግርልኛለህ?»